ሶላንዥ የፈጠረችው ገዳይ

ጥቅምት 4

ዝናቡ ያበቃ ይመስላል። ጎመኑን ኮተኮትኩ፤ ወገቤን አመመኝ።

መጽሐፍ ደረሰኝ። የሶላንዥ ቬርኔ አምስተኛ ልብ ወለድ፣ «ሁለተኛው መሻገሪያ»። ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም ለመድረስ በሰው እጅ ሲዞር ከርሟል... መንገዱ እንደሆነ የታወቀ ነው። ፈረንሳይኛዬ ዝጎ ይሆን? የሚሲዮን ትምህርት ቤቱ መነኮሳይት በማስመሪያ ጣታችንን እየመቱ ያስተማሩን በቀላሉ አይጠፋም።

ጥቅምት 9

የጀርባ ሽፋኑ ላይ የሕይወት ታሪኳ አለ። ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። የፖስታ አመላላሽ ልጅ፣ ከሰሜን ፈረንሳይ ወደብ። በሃያ ሦስት ዓመቷ ጋዜጣ ገባች። የሌለው ይኸ ነው፦ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ቋሪት መጥታ አስተርጓሚዋ ሆንኩ። በቅሎ ጎታችን አለበል ነበር። አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች፤ ደስ የሚል ጠባይ።

በኋላ ጋዜጣውን ተወች። «እውነት ሰልችቶኝ አይደለም፤ ገጹ አንሶኝ ነው» ብላ ጻፈችልኝ። ሁለቱን የመጀመሪያ ልብ ወለዶች የገዛቸው የለም። የመጀመሪያው መጥፎ ነበር፤ ነገርኳት። አንድ ዓመት ተኮራረፍን። ሦስተኛው ተሸለመ። እሱም ቢሆን ረዝሟል።

ጥቅምት 15

ግማሹን አነበብኩ። ጤፍ በግንቦት ታሳጭዳለች! ኅዳጉ ላይ አረምኩ።

ግን ገዳዩ... በቅሎ ጎታች ነው። ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለውም። ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። አለበል ነው፤ ቁጭ ብሎ ፎቶ የተነሣ ይመስላል። ምን ነካት?

የሞተው ሰው ታሪክ ደግሞ የክንፈሚካኤል ነው። እኛ ቋሪት ከመግባታችን በፊት ወንዝ ዳር በጥይት ተገድሎ ተገኘ። አገሩ ሁሉ አውጫጭ ተቀመጠ፤ ገዳዩን የጠቆመ ሰው ጠፋ። ወንድሙ ላቀው እያለቀሰ ሲነግራት ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 22

የአለበል ሚስት በለጠች ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

«እትዬ እንቁ፣ ሰውዬዬን ሊገድሉብኝ ነው።»

«ማን?»

«ላቀው ነዋ! መጽሐፉን ያነበበ ሰው ነግሮት ልጁ ከባሕር ዳር ደወለለት። ‹ፈረንጇ የአጎቴን ገዳይ በመጽሐፍ አወጣችው፣ ጣተ ጎዶሎ በቅሎ ጎታች ነው› አለው። ጠመንጃውን ወልውሎ ተቀምጧል።»

«ልብ ወለድ ነው እኮ፤ ፈጠራ።»

«ጋዜጠኛ አይደለች? ‹እውነቱን ብቻ ነው የምጽፈው› ስትል እርስዎ አይደሉ ያስተረጎሙልን?»

አዎ። እኔ ነኝ።

አለበል ቡሬ፣ ዘመድ ቤት ተደብቋል። አዝመራው ሳይሰበሰብ።

ጥቅምት 25

ኔትወርክ መጣ። ደወልኩላት።

«ማዳም እንቁ፣ እኔ መጽሐፌን አብራርቼ አላውቅም። አምስት ልብ ወለድ ጽፌ አንድም ቀን።»

«የአለበልን ጣቶች ለምን ወሰድሽ?»

«ለታሪኩ ጥሩ ነበሩ...»

«ባለቤታቸው አልሞተም፤ ሶላንዥ። ሊሞት ነው ግን።»

ሲጋራ ስትለኩስ ሰማሁ።

ኅዳር 1

የቋሪት ሽማግሎች ላኩብኝ። የሰብሳቢው የመሪጌታ ሐብቴ ቃል፦ «መጽሐፉን ይዘው ይምጡ። ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያነቡልናል። ሴትዮዋም ትማል።»

ጣቶቹን ብዘላቸው ማን ያውቃል? እዚያ ፈረንሳይኛ የሚሰማ የለም... አይሆንም። ብዘል ቀሪውን ማን ያምነኛል?

ኅዳር 7

ገበዝ ማርያም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ላቀው ጠመንጃውን ለመሪጌታ ሰጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሸምግሏል። ምያለሁና ሁሉንም አነበብኩ። ጣቶቹ ጋ ስደርስ ጉርምርምታ ተነሣ፤ በለጠች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ቀጠልኩ። ሟቹ ወንዙን ሲያይ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ውሃ ይፈራል...

ላቀው እጁን አነሣ። «ይቆዩኝማ። ማነው ውሃ የፈራው?»

«ሟቹ።»

«ክንፈሚካኤል? ክረምት በዋና የሚሻገረው?»

«የኔን ወይፈን ከደራሽ ውሃ ያወጣልኝ እሱ አይደል!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ይኸ የሌላ ሰው ወንድም ነው» አለ ላቀው።

«ሟቹ ሌላ ከሆነ ገዳዩም ሌላ ነዋ» አሉ መሪጌታ።

ላቀው ግን አልለቀቀም። «ከራሷ አፍ ልስማ።»

ደወልን። ድምፁን ከፍ አደረግሁት። በምን ትምያለሽ ቢሏት «በአባቴ መቃብር» አለች። ማለች። የአለበልን መልክ ወስዳለች፤ ሥራውን ፈጥራለች። ክንፈሚካኤልን ማን እንደገደለው አታውቅም።

ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ላቀው ግን እኔን ያያል።

«አታውቅም?»

«አታውቅም።»

«እኔ እኮ... አንድ የሚያውቅ ሰው ተገኘ ብዬ ነበር።»

ጠመንጃውን ሳይወስድ ሄደ። በለጠች እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ገሠጽኳት።

ኅዳር 10

አለበል ቤቱ ገባ። ጤፉ ረግፎ ጠብቆታል፤ ጎረቤት በደቦ የቀረውን አጨደለት።

ኅዳር 20

ሶላንዥ መልእክት ላከች። በሁለተኛው እትም ገዳዩ አሥር ጣት ይኖረዋል። አለበልንም ይቅርታ ጠይቂልኝ አለች። በስልክ ነገርኩት።

«ወፍጮ የበላውን ጣቴን እሷ ልትመልስልኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። አፉን ሸፍኖ ይሆናል።

ታኅሣሥ 3

ላቀው መጣ። ብቻውን አይደለም፤ አለበል አብሮት ነው። ጅጋ ገበያ ተገናኝተው በአንድ መኪና መጡ። መንገድ ላይ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።

«ያቺ ሴትዮ ወንድሜን አጥታዋለች» አለ ላቀው። «እርስዎ ይጻፉልኝ። እንደነበረው።»

«እኔ ደራሲ አይደለሁም።»

«ለዚያ እኮ ነው የመጣሁት።»

ምን ይባላል? መነጽሬን አደረግሁ፤ ወረቀት አወጣሁ።

«ቁመቱ?»

«ረጅም። የአባታችንን ቤት በር ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባ።»

«ኧረ እንደዚያስ አልነበረም» አለ አለበል። «በራችሁ ነው አጭሩ።»

ላቀው ዞር ብሎ አየው። ብዕሬን ይዤ ቀረሁ... ከዚያ ላቀው ሳቀ። ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለቱንም ጻፍኩ።