አውቀዋለሁ ያልኩት ፊት

ሮቢት፣ ጥር 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለመሊካ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አራሷ ልጄ፣ ወገብሽ ጠና? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። ወንድ ልጅ መገላገልሽን፣ የምሥራቹን ሊነግረን የባልሽ ወንድም ሷሊሕ ከደሴ መነሳቱን ጽፈሽ፣ «ደረሰ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። መልሱን ለጸሐፊ መናገር ስላፈርኩ በራሴ እጅ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢጣመም ታገሺኝ።

የንግድ ባልንጀራዬ ሁሴን ሞቷል። ከካራቆሬ ገበያ ስንመለስ ወንዙ ዳር ሽፍቶች ወጡብን፤ አንዱ በጩቤ ወጋው። በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከእኔ አምስት እርምጃ አይርቅም ነበር። ግን ልጄ፣ ዓይኔ ጩቤው ላይ ቀረ እንጂ ሰውየውን ደህና አድርጌ አላየሁትም። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

በአራተኛው ቀን ጣሊያኖቹ መንገድ ላይ የያዟቸውን ስድስት እንግዶች ግቢያቸው ውስጥ አሰልፈው አስጠሩኝ። ቃል የተነፈሰ ይገረፋል ተብለዋል። አስተርጓሚው፣ «አባባ፣ ገዳዩ የትኛው ነው?» አለኝ። ከመሃላቸው ይኖር እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። ከዳር ጀምሬ አየሁ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ይህን ፊት አውቀዋለሁ! እሱም እንዳየኝ አንገቱን ደፋ፤ በኩታው ጫፍ አፉን ሸፈነ። ንጹሕ ቢሆን ለምን ይደበቀኛል አልኩ። ቁርአን ይዤ «እሱ ነው» ብዬ ማልኩ። በማግስቱ ረሸኑት።

የሁሴን ሚስት «ደሙን መለሱልን» ብላ እጄን ሳመችኝ።

ያ ፊት ከየት እንደመጣብኝ የገባኝ ደብዳቤሽን ሳነብ ነው። የኒካሕሽ ዕለት ሷሊሕ ከባልሽ ከአብዱረሂም ጎን ተቀምጦ ነበር። ያን ቀንም በእኔ ፊት ቀና ሳይል፣ አፉን በኩታው ሸፍኖ ነው የዋለው። «ጨዋ ልጅ ነው፣ የወንድሙን አማት ያከብራል» ብዬ ለእናትሽ አመስግኜዋለሁ። ያንኑ አክብሮቱን ነው ግቢው ውስጥ እንደ ወንጀል የቆጠርኩበት። ሲያየኝ ዳንኩ ብሎ ይሆናል፣ ምስኪን።

ትዳርሽ እንዳይፈርስ ብዬ ልደብቀው አስቤ ነበር። ግን የሷሊሕ እናት እስከ መቼ መንገድ መንገድ ታያለች? ለባልሽ አንብቢለት። ቢመጣብኝ አልሸሽም። አንቺም ብትቆርጪኝ አልቀየምሽም። እናትሽ ሐጂራ ገና አልሰማችም፤ አንሶላ አጥባ ለሷሊሕ መኝታ አሰናድታለች።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይኸ ነው። እውነቱን ካወቅሁ በኋላ እንኳ ዓይኔን ስጨፍን ወንዙ ዳር ጩቤ ይዞ የሚቆምብኝ ሷሊሕ ነው። ሌላ ፊት ልፈልግለት ብል አይመጣልኝም። ዛሬም ቢያስምሉኝ እሱ ነው እል ይሆናል።

አላህ አንቺንና ልጅሽን እንደኔ ካለ ምስክር ይጠብቃችሁ።

አባትሽ ቃሲም