ሶፋ ስለ ገባበት የሸክላ ሥራ ክፍል

ለክብርት ዶክተር ማርሊን ፕሩዊት
የስቶን ክሪክ ኮሌጅ የተማሪዎች ጉዳይ ምክትል ፕሬዚዳንት
ካንሳስ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለባለቤትዎ፣ እንዲሁም ሰሞኑን በኮሌጁ መጽሔት ላይ ፎቶግራፉን ላየሁት ውሻዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ ዌንደል ክራውስ እባላለሁ፤ በምድር ጦር ውስጥ ለዓመታት የጭነት መኪና ስጠግን ቆይቼ፣ አሁን ቀን ቀን ጎማ ቤት እየሠራሁ ማታ ማታ እርስዎ ዘንድ የሂሳብ አያያዝ እማራለሁ። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ለማውጣት የደፈርኩት የቢሮዎን በር አልፌ ላገኝዎ ስላልቻልኩ እንጂ ክቡርነትዎን በአደባባይ ለማስቸገር ፈልጌ እንዳልሆነ፣ ቢያንስ ያን ያህል ፈልጌ እንዳልሆነ፣ በትሕትና እገልጻለሁ።

ምስጋና ይቅደም። ለእኛ ለቀድሞ ወታደሮች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሪባን ተቆርጦ የሚመረቅ የመቀበያ ማዕከል ስላዘጋጁልን እጅ እንነሣለን። በመስኮት አጮልቄ አይቼዋለሁ። ሰማያዊ የቆዳ ሶፋ፣ አዲስ ምንጣፍ፣ ባንዲራ፣ ዶናት የሚደረደርበት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ «ኮሌጅ ስንት ያስወጣል? ማንስ ይከፍልልዎታል?» የሚል በራሪ ጽሑፍ የሞላው መደርደሪያ አለው። ጽሑፉንም አንብቤዋለሁ፤ ላም አለኝ በሰማይ ለሚል ሰው የወተቱን ጣዕም በዝርዝር የሚያስረዳ ግሩም ሥራ ነው።

ቅሬታዎቼን፣ ሠራዊቱ እንዳስለመደኝ፣ በቁጥር ላቅርብ።

፩. ማዕከሉ የተሠራው በሸክላ ሥራ ክፍላችን ውስጥ ነው። ነገሩ ለምን እንዳስጨነቀን እርስዎ ቢያውቁትም የጋዜጣው አንባቢ ላያውቅ ይችላልና ላስረዳ። መንግሥት ላገለገለ ሰው የትምህርቱን ክፍያ ይችልለታል፤ ለቤት ኪራይም በየወሩ ይሰጠዋል። ኪራዩን ሙሉ የሚያገኘው ግን ቢያንስ አንድ ትምህርት በክፍል ውስጥ በአካል ተቀምጦ የሚማር ነው፤ ሁሉንም ከቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር የሚማር ግማሹን እንኳ በቅጡ አያገኝም። እርስዎ ደግሞ የማታውን ትምህርት አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ስላዛወሩት፣ ቀን ለምንሠራ ሰዎች በአካል የሚሰጥ ሆኖ የቀረልን የሐሙስ ማታው ሸክላ ሥራ ብቻ ነበር። ለዲፕሎማው አንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ስለሚጠየቅ ይቆጠርልናል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ታንክ ነጂው፣ የመርከብ ወጥ ቤቷ፣ ፓራሹት አጣፊው፣ ሁላችንም ሸክላ ሠሪ ሆንን። በቅርቡ ባደረጉት ንግግር «ወታደሮቻችን በጭቃው ውስጥ ሰላም አገኙ» ብለው ዓይንዎን ሲጠርጉ ከኋላ ወንበር የሳቅነው ንቀት አድሮብን አይደለም። እኛ በጭቃው ውስጥ ያገኘነው የቤት ኪራይ ነበር።

፪. ትምህርቱ ተጀምሮ እጃችን ጭቃውን ለመድ ሲያደርግ ክፍሉ ለሶፋው ተፈለገ፤ ሸክላ ሥራም ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ። ለእያንዳንዳችን አንድ ካርቶን ጭቃ በፖስታ ስለ ላኩልን እናመሰግናለን። ታንክ ነጂው ጓደኛዬ ሎኒ ቲብስ በካሜራው ፊት፣ በቤቱ ማድቤት ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያውን ማሰሮ ሲጀምር ሚስቱ «ወይ እኔ ወይ ጭቃው! አንዳችን ከዚህ ቤት እንወጣለን!» ማለቷን፣ እሱም «አትቸኩይ የኔ ቆንጆ፣ ኪራዩ ከቀረ ሦስታችንም አብረን እንወጣለን» ብሎ መመለሱን መምህራችንን ጨምሮ ሁላችንም በቀጥታ ስርጭት ተከታትለናል።

፫. ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ኋላ የሚቀመጠውን ልጅ እንዳይቀጡብኝ አደራ እላለሁ፤ በእርስዎ ግቢ ውስጥ እውነት የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። ትምህርቱን በአካል የሚሰጥ ብሎ እንዲመዘግብልን ብለምነው፣ «ወንድሜ፣ በር ያለው ክፍልና የዶክተሯን ፊርማ ብታመጣልኝ አሁኑኑ አስተካክልልህ ነበር» አለኝ። የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው አይሆንም ወይ ብዬ ብጠይቀው «ለኔማ ሽንት ቤቱም ይሆናል፤ አንተ ብቻ ፊርማውን አምጣ» አለ። ፊርማውን ፍለጋ ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊዎ በለሆሳስ «ውይ፣ ሰሞኑን እንኳ አይሞክሩት፤ ሶፋው ከምንጣፉ ጋር አልሄደም ብለው ተጨንቀዋል» አሉኝ። ጭንቀት ምን እንደሆነ አውቃለሁና ተመለስኩ።

፬. ይህን ስጽፍ ጨዋነቴ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። ልጄ ቴሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔና እናቷ ስንለያይ ዳኛው፣ ልጅቷ የራሷ መኝታ ክፍል እስካላት ድረስ ቅዳሜና እሁድ እኔ ዘንድ እንድታድር ወሰኑ። ያንን ክፍል ይዤ የቆየሁት በዚያ የኪራይ ገንዘብ ነው። ኮሌጅዎ ማን በአካል እንደሚማር ለመንግሥት የሚያሳውቀው ዓርብ ነው፤ የእኔና የቴሳ ጉዳይ ደግሞ ማክሰኞ እንደገና ይታያል። ዓርብ ሸክላ ሥራ «በኮምፒውተር የሚሰጥ» ተብሎ ከሄደ፣ ማክሰኞ ዳኛው ፊት ቆሜ ለልጄ ክፍል አለኝ ማለት አልችልም። ባለፈው እሁድ ጭንቀቴ ገብቷት ነው መሰለኝ፣ ጫማዋን እያሰረች «አባዬ፣ እኔ እኮ ሶፋህ ላይ እተኛለሁ። ለዳኛው ግን አንነግራቸውም፣ እሺ?» አለችኝ። ክብርት ሆይ፣ ልጄ ለእኔ ብላ ዳኛ ለመዋሸት ስትዘጋጅ ማየት አሳፈረኝ፤ እሷን እናቷ ዘንድ አድርሼ ስመለስ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ንዴት መጣ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። እርስዎ ሶፋ ያስገቡበት ክፍል የልጄ መኝታ ክፍል ነው።

አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ስለ መኪና ማቆሚያው ነው፤ ይቅር።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ሶፋው ይኑር። ማዕከልዎ ራሱ በር አለው፣ ሐሙስ ማታም ከምርቃቱ በኋላ ባዶውን ያድራል። ትምህርቱ እዚያው በአካል ይሰጥ ብለው ከዓርብ በፊት አንድ ጊዜ ይፈርሙልን፤ እኛ ሶፋውን ወደ ኮሪደር አውጥተን፣ ላስቲክ አንጥፈን ሠርተን፣ መልሰን እናስገባዋለን። ምንጣፉ ላይ አንዲት የጭቃ ነጥብ ብትገኝ በጥርስ ብሩሽ እንፈትጋታለን፤ የጥርስ ብሩሽ የወለል መፈተጊያ መሆኑን አለቆቻችን ገና በምልመላችን ሰሞን አስተምረውናል። መምህራችን ተስማምተዋል፤ ሎኒ ደግሞ ሚስቱን ለማትረፍ ሲል ሶፋውን ብቻውን ለመሸከም ቃል ገብቷል።

ይህን ሁሉ ለማንበብ ከምንጣፉ ጉዳይ ላይ ጊዜ ስለ ቀነሱልኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለከፍተኛ ማዕረግዎና ለረጅም ሪባንዎ ከአንገቴ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ሃምሳ አለቃ ዌንደል ክራውስ
የቀድሞ የጭነት መኪና ጠጋኝ፣ በመመሪያ ብዛት ሸክላ ሠሪ፣
እስከ ማክሰኞ ድረስ የቅዳሜና እሁድ አባት

ማስታወሻ፦ ለምርቃቱ በላኩልኝ የጥሪ ካርድ ጀርባ ላይ በራስዎ እጅ ጽሕፈት «ልጅ ያለበት ፎቶግራፍ ያምራልና ሴት ልጅዎን ይዘው ይምጡ» ብለውኛል። ስለ አክብሮትዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ሐሙስ የእናቷ ቀን ነው። ለእኔ የተፈቀደልኝ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከማክሰኞ በኋላ ይኑር አይኑር ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ሌላ ልጅ ይፈልጉ። ለፎቶግራፍ የትኛዋም ልጅ ትሆናለች፤ እኔ ግን ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።