ከመስታወት ሣጥን ስላልወጣው የደረት ማያ

ለተከበሩ ጓድ፣ የሆስፒታላችን አስተዳዳሪና የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ኮሚቴ ሰብሳቢ
ድሬዳዋ

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? በተለይ ደረትዎ እንዴት ነው? ደህና ከሆነ በዚያው ያጽናልዎ፤ ካልሆነም እርስዎ በሚያስተዳድሩት ሆስፒታል ከመታከም ይሰውርዎ።

እኔ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛው ሣህሉ ወልደጻድቅ ነኝ። ይህን በወርክሾፓችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የለጠፍኩት ደጅዎን በጠናሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው። ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

፩. ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ለሆስፒታላችን የተላከውን፣ ጫፉ ላይ መብራት ያለውን ቀጭን የደረት ማያ ቱቦ ከአቧራ ስለጠበቁልን እናመሰግናለን። ዶክተር ዑመር በእሱ መሥራትን ውጭ አገር የተማረ በመሆኑ፣ መግል የቋጠረውን የባለቤቴን የወይዘሮ ተሻለችን ደረት ጣት በምታስገባ ቀዳዳ አይቶ እንደሚያጥብላት ነግሮን ነበር። ቱቦው ግን በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ፣ በሲሚንቶ ከረጢትና በብርቱካን ክምር መካከል፣ በመስታወት ሣጥን ታሽጎ ተገኘ።

፪. ዶክተሩ ቱቦውን ቢለምንዎ፣ ኮሚቴው ያሸገውን ኮሚቴው ካልተሟላ መክፈት እንደማይቻል፣ አባላቱም ለፖለቲካ ትምህርት አዲስ አበባ እንደሄዱ፣ ደግሞም እንግዶች መጥተው ሣጥኑን ባዶ ቢያገኙት ከተማችን እንደምታፍር በትዕግሥት አስረድተውታል። ከተማችን አላፈረችም። ተሻለች ከብብቷ እስከ ጀርባዋ ተሰንጥቃ፣ የጎን አጥንቷ በብረት ተፈልቅቆ ታከመች። መትረፏን አልክድም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ አሁን ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አይወጣም። የልጃችንን ፀጉር የምሠራው እኔ ነኝ። አያምርም።

፫. ይሄኛው ምስጋና አይደለም። ተሻለች በለቀቀችው አልጋ ላይ ሳዶ የምትባል የጀልዴሳ ከብት አርቢ በዚያው ሕመም ተኝታለች። ዶክተሩ እንደ ተሻለች ሳይሰነጥቃት ከሰኞ በላይ ሊያቆያት አይችልም። በዓሉ አልፏል፤ እንግዶቹም ፎቶግራፍ ተነሥተው ሄደዋል፤ ሣጥኑ ግን እንደታሸገ ነው። ማኅተሙን ይስበሩ። እጅዎ ከከበደዎት፣ ወርክሾፓችን መዶሻ አያጣም።

የሕዝብን ንብረት ከሕዝብ በመጠበቅ ላሳዩት ትጋት እጅ እየነሣሁ፣ በበዓል መድረክ ሁሉ በሙሉ ጤንነት ደረትዎን እንዲነፉ የምመኝልዎ፣

ሣህሉ ወልደጻድቅ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው እሑድ ተሻለች ቱቦውን ማየት ስለፈለገች ወደ ኤግዚቢሽኑ ወሰድኳት። ሣጥኑ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከሥሩ «ለሰፊው ሕዝብ ጤንነት» የሚል ተጽፏል። ቀረብ ስትል ጥበቃው መስታወቱን በእጅ መንካት ክልክል ነው ብሎ ተቆጣት። እጇ እዚያ ድረስ እንደማይወጣ የነገረው የለም።