ማዕዱን ማን ባረከው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ ማክሰኞ

ይድረስ ለጠፋችው አክስቴ፤

እንዴት ነሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ጨጓራሽስ? እኛ ደህና ነን፤ ሊፍቱ እንደተበላሸ ነው፣ እኔም እንደተበላሸሁ ነኝ። ስልኬን ብሎክ ስላደረግሽው ይህችን ለጎረቤታችን ለእስክንድር ሰጥቼዋለሁ፤ ታክሲውን ይዞ ወደ አሌክሳንድሪያ ሲመጣ አፈላልጎ ያደርስልኛል። አማርኛዬ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ ፊደል ብገድፍ ሳቂብኝ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ መጽሐፍ አስነበበችን። ክላሲክ ነው አሉ። ልጆች ብቻቸውን ደሴት ላይ ይቀራሉ፤ አዋቂ የሚባል ዘር የለም። አክስቴ፣ እንደዚህ ያስጠላኝ ነገር የለም፤ እማዬ ት... አይ፣ በእሷ አልምልም፣ ታማለች። እኔ ልሙት! ገና ሳምንት ሳይሞላቸው ይነካከሳሉ። ትልልቆቹ ሸርጣን ጥሬውን እየጋጡ ትንሹን አልቃሻ ብለው ያባርሩታል። የበላሁት ሳንድዊች እንኳ ሸርጣን ሸርጣን አለኝ።

መምህሯ ደግሞ ወላጅ ባይኖር እናንተም ያው ናችሁ አትለንም? ፈገግ ብላ! እጄን አውጥቼ፣ እነዚህ ልጆች ቁንጥጫ የሚባል አያውቁም ወይ ብዬ ክፍሉን በሳቅ ገደልኩት። የቀረውን ዋጥኩት። አንቺ ጥለሽን ከሄድሽ ወር ሊሞላ ነው፤ እኔና ትንሿ እህቴ ኤፍራታ ግን እስካሁን አልተበላላንም።

ታሪኩን ለእሷም እያማረርኩ ነገርኳት። የስምንት ዓመት ልጅ አይደለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ማዕዱን ማን ባረከው ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልኳት። ለዛ ነዋ ብላ ዞረች።

እዚህ ቤት ታላቅ ሆኜ የምባርከው እኔ ነኝ፤ ጉድ በይ! መጀመሪያ ቀን ግራ ገባኝና ሀያትስቪል ሠርግ ላይ የሰማሁትን፣ «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» ብዬ ፓስታውን መረቅሁት። ኤፍራታ አሜን ካለች በኋላ ሙሽሮቹ የታሉ አለችኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እማዬ እሑድ እሑድ አገር ቤት ከጠበሉ ቦታ በሰው ስልክ ትደውላለች። አክስታችሁን አቅርቡልኝ ስትል ሥራ ገብታለች እላታለሁ። ውሸቱ አፌ ውስጥ ይገማኛል። ባለፈው ግን፣ በሚቀጥለው ድምጿን ካልሰማሁ ጠበሉን አቋርጬ እመጣለሁ አለችኝ። ያለ ምርኩዝ መቆም የጀመረችው ገና አሁን ነው! ኤርፖርት ላይ እጅሽን ይዛ፣ ልጆቼን ሰማይ አደራ፣ ምድር አደራ ያለችሽን ረሳሽው? ትናንት ይህን ወረቀት ሳወጣ አደራ በላ ብዬ ልሰድብሽ ነበር። ደግሞም ነሽ! ከእነዚያ ሸርጣን በሊታዎች በምን ትሻያለሽ? ተጸየፍኩሽ።

እስክንድር ጋ ግን ወሬ አያድርም። አሌክሳንድሪያ ገበያ ውስጥ አይቶ ሲጠራሽ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት እስከ ጉልበትሽ የሚደርስ ካፖርት ለብሰሽ፣ ወገብሽን ይዘሽ እየተጎተትሽ ሸሸሽው አለኝ። ቆይ፣ እኔ ሞኝ እመስልሻለሁ? ማርያምን፣ ለማንም አልተነፈስኩም። እስክንድርንም ወፍራ ነው ብዬ አፉን አስያዝኩት። ይቅርታ፣ የተገኘው ሰበብ እሱ ነው።

እማዬን ፈርተሽ ከሆነ ጠባይዋን ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ትጮኻለች፣ ቀጥሎ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ስም ታወጣለች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶችን ደግሞ ለእኔ ተይልኝ፤ የእያንዳንዳቸውን ቅጽል ስም አዘጋጅቻለሁ።

ኤፍራታ ሕፃን ሳለች የተኛችበትን ትንሿን አልጋ ከስቶሬጅ አውጥቼ አጠብኳት። ለማን ነው ስትለኝ ለድመት አልኳት። ድመት እንደሌለን ታውቃለች፤ ግን የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ አነጠፈችባት።

ከእሑድ በፊት ነይ። ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውጪ፤ ሻንጣሽን እኔ እሸከማለሁ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

የሚጸየፍሽ፣
የእህትሽ ልጅ