የታመመው ውሃ

መተማ፣ ጥር 1979 ዓ.ም.

ጸዳልዬ፣ እንዴት ከርመሻል?

ሆለታ ላይ ጣታችንን በትንፋሽ እያሞቅን የምንሠራውን የድንች ቫይረስ ምርመራ እዚህ ዳስ ጥላ ሥር ሞከርኩት። የቅጠሉ ጭማቂ ኬሚካል ሲጨመርበት ቢጫ ከሆነ ድንቹ ታሟል ብዬ ለሙከራ ማሳው ዘበኛ ለአያ ሸጋው አስረድቼ ነበር። ሙቀቱ ኬሚካሉን አበላሽቶት ኖሮ፣ ለማነጻጸሪያ የጨመርኩት ንጹሕ ውሃ ሳይቀር ቢጫ ሆነ!

አያ ሸጋው ብድግ አሉ። «ውሃው ታሟል! እኔስ አረቄ ነው የሚሻለኝ ስል ማን ሰማኝ?»

ሚስታቸው እማማ አይናዲስ ሄደው አረቄውን ይዘው መጡ። «በል ልጄ፣ ይኼንም መርምርልኝ» አሉኝ።

እሱም ቢጫ ሆነ። አያ ሸጋው እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ለሁሉም ሰላም በይልኝ፤ የላቦራቶሪ ፍሪጃችንን ግን ሳሚልኝ።

ይርዳው