አባባ ፒካፕ ሲመርጥ

ለናፈቅኸኝ ወንድም ጋሼ፤ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን፤ የአባባ ጉራም ደህና ነው።

ትናንት ከእሱ ጋር አዲስ ፒካፕ ልንመርጥ መኪና መሸጫ ሄድን። ጎማውን በእርግጫ እየነረተ፣ "ይሄ ገደል ይወጣል!" አለ። ከዚያ በሩ ላይ ለቆመው ሻጭ እጁን ዘርግቶ፣ "አንተ ልጅ፣ ትንሽ አስተያየት አድርግልን እንጂ" አለው። ሻጩ ለካ ከካርቶን የተሠራ፣ የሰው ቁመት ያለው ማስታወቂያ ነው። አባባ፣ "ምን ያለው ጥጋበኛ ነው!" ብሎ አኩርፎት ተመለሰ።

ለእማማ ሳወራላት ትስቃለች ብዬ ነበር። አዲሱ መኪና ስንት የሚደበቅ ቁልፍ እንዳለው ብቻ ጠየቀችኝ።

መኪናውን ግን ገዝቶታል፤ ቅዳሜ ይረከበዋል። አንተንም ከአውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ነድቶ ሊያመጣህ ምሏል። ስለዚህ የምትመጣበትን ቀን ለእኔ ብቻ ጻፍልኝ፤ በታክሲ መጥቼ እቀበልሃለሁ።

በደህና ያገናኘን።

ቀባጣሪዋ እህትህ