በኪሎ የተጻፈው ሳንቲሜትር

ጥቅምት 4፣ 2017፣ ሰኞ

ፍኖተ ሰላም። ቢሮ ውስጥ እኔና ስመኘው ብቻ፣ እንደ ሁልጊዜው። ስምንት ወር ሙሉ የጻፍሁትን ፕሮግራም ዛሬ ከፍቶ አነበበው። ለጅጋው የከብት ክሊኒክ የመድኃኒት መጠን የሚያሰላውን።

«ሠርክዬ፣ ይኼን ሌላ ሰው እንዴት ያንብበው? አንድ ማብራሪያ እንኳ የለው።»

«ኮዱ ራሱ ይናገራል።»

«ለማን?»

እውነቱን ነው። ማብራሪያው እኮ ለጌጥ አይደለም፤ እኔ የምጽፈው በቀጥታ ክሊኒኩ ታብሌት ላይ «እርዳታ» ወደሚለው ገጽ ይገባል። ይገባል ተብሎ ነበር... ገጹ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

እና ምን ወሰንሁ? ማብራሪያ ልጽፍ? የለም። ማብራሪያ መጻፉን የሚቆጣጠር ድረ ገጽ ልሠራ። ሥራ ላለመሥራት ይህን ያህል የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም።

ጥቅምት 14

ገጹ አለቀ። ኮዱ እዚያ ላይ ይለጠፋል፣ ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር፣ የሩቅ ኮምፒውተር፣ ይሄዳል፣ ሰርቨሩ ያነብና ጉድለቱን በቀይ ይመልሳል። እያንዳንዱ ክፍል ማብራሪያ አለው? ዓረፍተ ነገሩ በአራት ነጥብ ተዘግቷል? ቁጥሩ በምን እንደሚለካ ተጠቅሷል?

«መጀመሪያ የማንን እንሞክር?» አለ ስመኘው።

«የእኔን» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

214 ስህተት። ስመኘው ሳቁን ሊውጥ ሲሞክር ትን አለው። ውኃ ያቀበልሁትም እኔው ነኝ።

ጥቅምት 15

ሰርቨሩ የት አገር እንደተቀመጠ እንኳ አላውቅም። ስድቡ ግን በሁለት ሰከንድ ይደርሳል። ለዚህ ለዚህ ጊዜ ኔትወርክ አይጠፋም።

ጥቅምት 22

ዜሮ! በአረንጓዴ «ንጹሕ ነው» አለኝ። እንዴት? አንድ ማብራሪያ አሳምሬ ጻፍሁና ለሌሎቹ ገለበጥሁት፣ እዚህም እዚያም ቃል እየለወጥሁ። ፎቶ አንሥቼ ቡሬ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ንጹሕ ነው ይላል፣ እማዬ።»

«ቤትሽ?»

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

እታለም ከጅጋ ደወለች። ክሊኒኩ ከገባች ወር ያልሞላት ባለሙያ ናት። ድምፅዋ ይቆራረጣል... ኔትወርኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እያለቀሰች ነው። የገበሬውን የአያ ንብረትን ጊደር የትል መድኃኒት ወግታት ጊደሯ ለሃጯ እየተዝረከረከ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

«ስንት አስገባሽ?»

«መቶ አምሳ። ኪሎዋ ነዋ። እርዳታው በኪሎ አስገቢ ይላል።»

ከፍቼ አየሁት። ፕሮግራሙ የሚጠብቀው ኪሎ አይደለም። የደረት ዙሪያ ነው፣ በሳንቲሜትር፤ ከዚያ ክብደቱን ራሱ ያሰላል። የደረት ዙሪያው መቶ አምሳ ሳንቲሜትር የሆነ ከብት ደግሞ የዚችን ጊደር እጥፍ ይመዝናል። መድኃኒቱም እጥፍ ሆነ። «በኪሎ» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከላይኛው ክፍል ገልብጬ! ሰርቨሩ መለኪያ መጠቀሱን አየ፣ አራት ነጥቡን አየ... አሳለፈኝ።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለች እታለም። «ኃላፊው ማስጠንቀቂያ ሊጽፉብኝ ነው።»

ምን አልሁ? «አይዞሽ።» ሌላ ምንም። 

ስልኩ ሲዘጋ «በኪሎ»ን ሰርዤ «በሳንቲሜትር» አልሁ። አንድ ቃል። ገጹ ያኔም አረንጓዴ ነበረ፣ አሁንም አረንጓዴ ነው። ማን ያውቃል? ማንም።

ኅዳር 4

ዝም ማለት አልቻልሁም። በጠዋት ሚኒባስ ወደ ጅጋ። የክሊኒኩ ኃላፊ ግቢው ውስጥ ከአያ ንብረት ጋር ቆመዋል፤ እታለም ከኋላቸው፣ ዓይኗ አብጧል። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋብኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ የተጻፈውን ነው ያደረገችው። የጻፍሁት ሐሰት ነበር።»

ጊደሯ ድናለች። ውኃ ጠጥታ፣ ድርቆሽ ቀምሳ ቆማለች። አያ ንብረት እሷንም እኔንም በየተራ አዩን።

«ልጄ፣ ከብት ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም፣ አያ ንብረት።»

«ፊደሉን ግን ደኅና አድርገሽ ቆጥረሻል» አሉና ዘወር አሉ።

አመሰገኑኝ ወይስ ሰደቡኝ? ሚኒባሱ ከጅጋ እስኪወጣ አልገባኝም። ሰደቡኝ።

የእታለም ማስጠንቀቂያ ቀረ። ደብዳቤው ወደ እኛ ቢሮ ዞረ፣ በስሜ።

ኅዳር 9

«ንጹሕ ነው» የሚለውን አጠፋሁት። ገጹ አሁን የሚለው፦ «ቅርጹ ተሟልቷል። እውነት መሆኑን ሰው ይጠየቅ።»

«ሰርቨሩን አዋረድሽው እኮ» አለ ስመኘው።

ማብራሪያዎቹን አንድ በአንድ እንደገና ጀመርሁ። እስካሁን ሦስት ሌላ ሐሰት። ሁሉም በአራት ነጥብ በሚገባ የተዘጉ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ጅጋ። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ነኝ። እታለም ማብራሪያውን ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ የተባለውን ብቻ አደርጋለሁ። ዛሬ አያ ንብረት ጊደሯን ይዘው መጡ። ለካሁ። መቶ ሃያ ስምንት።

«ሜትሩ ላልቷል» አለች እታለም። «ደግሞ ተቁነጥንጣለች። ረጋ እስክትል ጠብቂ እንጂ።»

ይኼ የት ተጽፏል? የትም። ስደግመው ጊደሯ በእርግጫ ጭኔን አለችኝ። አያ ንብረት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ለሦስተኛ ጊዜ... መቶ ሃያ አንድ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እታለም እየተናገረች ጻፍሁ፦ «ከብቷ ረጋ ብላ እስክትቆም ይጠበቅ፤ ሜትሩ ከፊት እግሮቿ ኋላ ዞሮ ሳይላላም ሳይጠብቅም ይያዝ፤ ትንፋሿን ስታወጣ ይነበብ፤ ካጠራጠረ ይደገም።»

ለሰርቨሩ ላክሁት። በቀይ መለሰ፦ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል።

ይርዘም።